የጉርሜሳ ዳማ

ጓድ ደጀኔ ራሱን ፊልም ሠሪ ይል ነበር። ከሚያነሣው ፊልም ግማሹ ሰማይ፣ ግማሹ የራሱ ጥላ ነው። በ1974 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ጎባ ሲመደብ አንድ ካሜራ፣ አንድ ፕሮጀክተርና ምክር የማይገባበት ጭንቅላት ይዞ መጣ። ሥራው «ባሌ ስትነሣ» የሚል ተከታታይ ፊልም እያዘጋጀ በየገበሬ ማኅበሩ ማሳየትና ሕዝቡን ማወያየት ነው። ውይይት የሚባለውም እሱ አንድ ሰዓት ይለፈልፋል፣ እኔ በኦሮምኛ እተረጉማለሁ፣ ሕዝቡ አጨብጭቦ ወደ እርሻው ይሄዳል።

እኔ ኃይለየሱስ ነኝ። አያቴ ከሸዋ መጥተው ሮቤ የሰፈሩ ናቸው፤ ኦሮምኛን የተማርኩት ከሰፈሩ ልጆች ጋር አፈር ስፈጭ ነው። ተርጓሚውም፣ ጄኔሬተር አስነሺውም፣ ሳጥን ተሸካሚውም እኔ ነበርኩ። ደጀኔን ከልቤ እንቀው ነበር። እሱን መናቅ ያስደስተኝ ነበር፤ በዚያ ዘመን ሌላ ደስታ አልነበረኝም።

ለሦስተኛው ፊልም ፈረስ አማረው። «ኮርቻ የተጫነ፣ ሰው ያልተቀመጠበት ፈረስ በሜዳው ላይ ቀስ ብሎ ይሳባል» አለኝ እጁን እያወናጨፈ። «ገባህ? ጌታው ወርዷል! ፈረሱ የሰፊው ሕዝብ ሆኗል!»

ገባኝ። በእኛ አገር ኮርቻ ተጭኖ፣ ሰው ሳይቀመጥበት በእጅ የሚሳብ ፈረስ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚናገረው፤ ባለቤቱ ሞቷል፣ አልቅሱ። የሚስበውም የሟቹ ወንድም ወይም የቅርብ ወዳጁ ነው። ይህን የማያውቅ ልጅ እንኳ የለም። ለደጀኔ ልነግረው ይገባኝ ነበር። ሕዝብ ይሣቅበት ብዬ ዝም አልኩ።

ፈረሱን የተወረሰ ከብት ከሚታሰርበት ግቢ አመጣን። ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ዳማ ነው። እንዳየሁት አወቅሁት፤ የጉርሜሳ ፈረስ ነው። ጉርሜሳ «ቤቴን አፍርሼ አዲሱ መንደር አልገባም» ብሎ የተወሰደ ገበሬ ነው። ሚስቱ ማናልበሽ በየገበያው ቀን ጎባ እየመጣች ትጠይቃለች። መልሱ አንድ ነው፦ «ለሥልጠና ሄዷል፤ ፈረሱንም ራሱ ጋልቦ ነው የሄደው።» ይህን በኦሮምኛ የምነግራት እኔ ነበርኩ።

ሾፌራችን ዲኖ ግን እውነቱን ገና ድሮ ሹክ ብሎኛል። ጉርሜሳን በወሰዱት ዕለት ከመንደሩ በላይ ባለው ድንጋይ ማውጫ ሥር ተኩሰው ገድለው እዚያው ቀብረውታል። ኮርቻው ላይ የደረቀ ነገር ነበር። ደጀኔ «ይህ ቆሻሻ ካሜራ ላይ ያስጠላል» ብሎ ቀይ ጨርቅ አስደረበበት። ፊልሙንም እዚያው ድንጋይ ማውጫው አጠገብ አነሣው፤ ድንጋዩ ያምራል አለ። ልጓሙን ይዤ የሳብኩት እኔ ነኝ።

በወሩ ፊልሙን ይዘን ወደ ጉርሜሳ መንደር ሄድን። ደጀኔ የማን መንደር እንደሆነ አልጠየቀም፤ ለእሱ መንደር ሁሉ መንደር ነው። ቅዳሜ ረፋድ ላይ የእህል መጋዘኑን መስኮት በጆንያ ጋርደን፣ ግድግዳው ላይ አቡጀዲ ሰቀልን። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ሰው እንዲመጣለት «ሠልጣኞቹ በፊልሙ ይታያሉ» ብሎ አስወርቶ ኖሮ፣ ማናልበሽ ንጹሕ ነጠላ ለብሳ ከሁሉ ፊት ተቀምጣለች።

«ኃይሌ፣ ይታያል አይደል?» አለችኝ።

«እንጃ» አልኳት።

ዳማው በእኔ እየተሳበ አቡጀዲው ላይ ብቅ አለ። መጀመሪያ የተነሡት ሽማግሌው ኦቦ ጉሉማ ናቸው፤ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከዚያ ሴቶቹ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ታጥቀው ጩኸቱን አቀለጡት። ማናልበሽ ብቻ አላለቀሰችም። «ድገሙት» አለች።

ተረጎምኩለት። ደጀኔ ፊቱ በራ። «አየህ? ነካቸው! ድገምላቸው!»

ሦስት ጊዜ ደገምኩት። ፈረሱ ባለፈ ቁጥር ወንዶቹ የጉርሜሳን ስም እየጠሩ ደረታቸውን ይመታሉ። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም እንደሚባለው፣ በዚያ መጋዘን ያልረጠበ ፊት አልነበረም። ደጀኔም የራሱን ዓይን ጠራርጎ ማስታወሻው ላይ «ሰፊው ሕዝብ በአብዮታዊ ስሜት አነባ» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ ውይይቱን ከፈተ።

«አስተያየት ያለው?»

ማናልበሽ ተነሣች። ወደ እሱ አልሄደችም፤ ፕሮጀክተሩ ጋ ወደ እኔ መጣች።

«የሳብከው አንተ ነህ» አለችኝ በኦሮምኛ። «ፈረስ የሚስብ ወንድም ነው። ወንድም ደግሞ መቃብሩን ያውቃል። የት ነው ያለው?»

«ምን አለች?» አለ ደጀኔ፣ እስክሪብቶውን አዘጋጅቶ።

«ፊልሙ የተነሣበትን ቦታ ትጠይቃለች።»

«ንገራት እንጂ!»

ነገርኳት። ድንጋይ ማውጫው ሥር፣ ከኮሶው ዛፍ በስተግራ።

«ይህን ካወቅህ ስንት ጊዜህ ነው?»

«ሰባት ወር።»

ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። ያን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ ዓመት ሙሉ ደጀኔን ሳይበት የኖርኩት ነው። «እሱስ አያውቅም» አለች በአገጯ እያመለከተችው። «አንተ ግን ሰባት ወር ዓይኔን እያየህ ዋሸኸኝ።»

ወጣች። ኦቦ ጉሉማ አካፋ አንሥተው ተከተሏት፤ ሕዝቡም ተከተላቸው። ሽቅብ ወደ ድንጋይ ማውጫው ሲያቀኑ ደጀኔ በር ላይ ቆሞ በደስታ ተመለከታቸው።

«ቦታውን ሊጎበኙ ነው! ሴትየዋ መጨረሻ ላይ ምን አለችህ?»

«ጎበዝ ተርጓሚ ነህ አለችኝ» አልኩት።

እሱንም ጻፈው።