የመርከበኛውን እጅ የሚያሳይ ፕሮግራም

ሰፈሩ ሁሉ ባሏን «ሽቦው» ነው የሚለው። ገና ጎጆ በወጡ ሰሞን ጣሪያ ላይ ወጥቶ፣ ከቤቱ ጫፍ እስከ ጎረቤት ግንብ ድረስ ረጅም ሽቦ ሲወጥር ያየው አንድ ቀልደኛ ያወጣለት ስም ነው። ስሙ እንደ ሙጫ ተጣበቀ፣ እሷም የሽቦው ሚስት ሆና ቀረች። ሥራዋ ልብስ ስፌት ነው፤ ደንበኞቿ ግን «ሽቦው ቤት ሄጄ ልለካ» ነው የሚሉት። ድሮ ያናድዳት ነበር። አሁን ያ ሽቦ ሊወርድ ነው ሲባል ግን ስሙም አሳሳት።

ሊወርድ ነው ያለው ደግሞ ሌላ ሰው አይደለም፣ ራሱ ሽቦው ነው።

ዓምና ታሞ ሲነሳ ጆሮው አብሮት አልተነሳም። ሐኪሙ መሣሪያ ሰካለት፣ ነቀለለት፣ ሌላ ሰካለት፤ ወይ ፍንክች! ዕድሜውን ሙሉ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሬዲዮው ፊት ተቀምጦ፣ መርከበኛው ከሚሉት የሩቅ አገር ወዳጁ ጋር ሲያወጋ የኖረ ሰው ነው። የአማተር ሬዲዮ ሰዎች እንዲህ ናቸው፤ ማንም ሳያዝዛቸው፣ ማንም ሳይከፍላቸው፣ በገዛ ቤታቸው ጣቢያ ተክለው ባሕር ማዶ ካለ ሰው ጋር ሲያወጉ ይውላሉ። እሱ ደግሞ በአፉ አያወራም። አንዲት የናስ መምቻ አለችው፤ እሷን በጣቱ እየነካ፣ አጭርና ረጅም ድምፅ እያቀላቀለ ፊደል ይሠራል። ሞርስ ይሉታል። ጆሮው ከሄደ ወዲህ ግን ሬዲዮውን በአሮጌ አንሶላ ሸፍኖ፣ ወንበሩን አዙሮ፣ ጀርባውን ሰጥቶት ይቀመጣል። እንደ ተጣላ ሰው።

«እሑድ የጣሪያ ሠራተኛው ይመጣል» አለ አንድ ጠዋት። የደነቆረ ሰው ድምፁን መመጠን አይችልምና ቤቱ ሁሉ ጮኸ። «ሽቦውን ያወርደዋል። ሬዲዮውንም የሚወስድ ይውሰደው።»

እሷ የልብስ ጠመኔዋን አነሳች። ከእሱ ጋር የምታወራው በዚያ ነው፤ ጥቁር የገበር ቁራጭ ጭኗ ላይ ዘርግታ በጠመኔ ትጽፋለች። ትምህርት ቤት የገባችው ለጥቂት ጊዜ ነው፣ ስትጽፍም ዘገምተኛ ናት። ስለዚህ ቃል አታባክንም።

«አይወርድም» ብላ ጻፈች።

«ለምን? ልብስ ልታሰጪበት ነው?»

ሰረዘችና ደግሞ ጻፈች። «እስከ ቅዳሜ ጠብቅ። መርከበኛውን ካላናገርከው ይውረድ።»

ሽቦው ሳቀ። ከታመመ ወዲህ የሳቀው ሳቅ ሁሉ መራራ ነው። «በምኔ ልሰማው ነው አንቺ ሴትዮ? በአፍንጫዬ?»

እሷ አንዴ አይወርድም ካለች አይወርድም። እናቷም «ይቺ ልጅ ከበቅሎ ጋር ብትከራከር በቅሎዋ ናት የምትደክመው» ትላት ነበር።

ትልቋ ልጃቸው የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ አላት። እናትየው ሱቁ ድረስ ሄደች፤ ስልክ ላይ መለመን አይሆንላትም።

«ኮምፒውተር የሰማውን ይጽፋል ይባላል። እውነት ነው?»

«ሞርስ ማለትሽ ነው? አዎ እማዬ። ስንት ዓይነት ፕሮግራም አለ መሰለሽ!»

«ስንቱን ምን አደርገዋለሁ? አንድ ነው የምፈልገው።»

ልጅቱ የተፈታውን ኮምፒውተር ገፋ አድርጋ አስቀመጠቻት። አንዱ ፕሮግራም የዓለም ካርታ ያሳያል አለች፣ ያወራሻቸውን ሰዎች ሁሉ ይመዘግባል፣ ሬዲዮውን ራሱ ይነዳዋል። አንዱ ደግሞ ሌላ ነገር የለውም፣ የሰማውን ፊደል አድርጎ ይጽፋል፣ የጻፍሽለትን ደግሞ በሞርስ ይልካል።

«ካርታውን እንኳ ተዪው፣ መርከበኛው የት እንዳለ አባትሽ ያውቃል። የሚጽፈውን አምጪ። የሬዲዮውን ሽቦ ከኮምፒውተሩ ሽቦ አገናኝተሽ…»

«አይሆንም እኮ። ሬዲዮና ኮምፒውተር እንዲሁ ፊት ለፊት አይገናኙም። መሃላቸው ሳጥን ያስፈልጋል።»

«እንደ አማላጅ?»

«እንደ አማላጅ» አለች ልጅቱ እየሳቀች። «የአንዱን ድምፅ ለሌላው በልኩ የሚያደርስ።»

«ሁለት ተኮራፊ ቤቴ ሊገባ ነዋ! ያለ አማላጅ ይሞከር መጀመሪያ።»

ዓርብ ዕለት ያለ አማላጅ ሞከሩት። ልጅቱ ከሬዲዮው ማዳመጫ ቀዳዳ አንድ ቀጭን ኬብል አውጥታ ኮምፒውተሩ ላይ ሰካችው። ቤቱ «እምምምም» የሚል እንደ ንብ ቀፎ ያለ ጩኸት ሞላው፣ ስክሪኑም ላይ የማይረባ ፊደል ተግተለተለ።

«ይኸውልሽ፣ የኤሌክትሪኩ ድምፅ ነው» አለች ልጅቱ። «ሳጥኑ ይሄን ነው የሚለየው።»

«እሺ አምጪው። ግን የሚቀበልም የሚልክም ይሁን። ግማሽ ሥራ አልወድም።»

ልጅቱ ሳጥኑን ልታመጣ ስትሄድ እሷ ሬዲዮው ጋር ብቻዋን ቀረች። አንሶላው ወለል ላይ ወድቋል። ሬዲዮው ሲሞቅ የሚሸተው ሽታ፣ ያ የአቧራና የጎማ ሽታ፣ ከአፍንጫዋ ገብቶ ዓይኗን አረጠበው። ይሄ ሽታ ቅዳሜ ነው። ልጆቹ ትንንሽ ሳሉ የነበረው ቅዳሜ።

ያኔ የስፌት መኪናዋና ሬዲዮው በአንድ ክፍል ነበሩ፤ ሌላ ክፍል የት ነበራቸውና! በመጀመሪያ ለመኪናዋ የኤሌክትሪክ ሞተር አስገጥማ ነበር። እግሯን ጫን ስታደርገው ሬዲዮው ውስጥ «ጭርርርር» ይል ነበር፣ እንደሚጠበስ ሽንኩርት። ሽቦው እጁን ከመምቻዋ አንስቶ፣ በሚለምን ዓይን ዞሮ ያያታል። ሁለት ቅዳሜ ታገሠች። በሦስተኛው ሞተሩን ራሷ ፈትታ ለሻጩ መለሰች። «በእግሬ እረግጣለሁ፣ እግር አለኝ» አለች። ጓደኞቿ «ለባል ጨዋታ ብለሽ?» ብለው ስቀውባታል። ይሳቁ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መኪናዋንም አትረግጥም ነበር፤ ቁልፍ መትከልና ጠርዝ መጥለፍ ነው ሥራዋ፣ በእጅ የሚሠራውን። መርከበኛው የሚመጣው ያኔ ነዋ። በወጣትነቱ የመርከብ ሬዲዮ ሠራተኛ የነበረ ሰው ነው። ከሽቦው ጋር ተያይተው አያውቁም። የልጆቻቸውን ጥርስ ማብቀል፣ የሚስቶቻቸውን ሕመም፣ የየአገራቸውን ዝናብ ግን ያውቃሉ። እሷ የሞርሱን ፊደል አንዱንም አትለይም፤ የመርከበኛውን እጅ ግን ከሺህ ሰው መሃል ትለየዋለች። የመጨረሻዋን ረጅም ድምፅ ይጎትታታል፣ አንድ እግሩን እያነከሰ ደረጃ እንደሚወጣ ሰው። የሽቦው ደግሞ ፈጠን፣ ከዚያ ቆም፣ ከዚያ ፈጠን ነው፤ ቀልድ ሊያወራ ሳቁ እንደቀደመው ሰው። ጠርዝ እየጠለፈች ሁለቱን ስትሰማ፣ ማን እንዳዘነ ማን እንደተደሰተ ሳይነግሯት ታውቅ ነበር።

ቅዳሜ ደረሰ። ሽቦውን ከወንበሩ ጎትታ አዞረችው።

«ምንድን ነው ይሄ ሁሉ ኬብል? ሆስፒታል ነው እንዴ?» አለ።

ልጅቱ ሳጥኑን ሰክታ ጨርሳለች። ያ ንብ የሚመስል ጩኸት ጠፍቷል። አንድ የማያውቁት ጣቢያ ሞርስ ሲልክ ስክሪኑ ላይ ፊደሉ ጥርት ብሎ ተደረደረ። ሽቦው መነጽሩን አስተካከለ።

«አሃ! ይሄ ነገር ያውቃል» አለ። ከዚያ ደንግጦ ፊቱን አኮሳተረ፤ ደስ እንዳለው ማንም እንዲያይበት አልፈለገም።

ጥቂት ቆይቶ መጣ። መጀመሪያ የሰማችው እሷ ናት። መርፌዋ እጇ ላይ ቀረ። መርከበኛው ነው፣ መጨረሻዋን ይጎትታታል፤ ግን እጁ አርጅቷል። ይንቀጠቀጣል። አጭሩ ይረዝማል፣ ረጅሙ መሃሉ ላይ ይቆረጣል።

«እሱ ነው!» ብላ ጮኸች፣ እንደሚሰማት ሁሉ። ከዚያ ጠመኔውን አንስታ ጻፈችለት።

ሽቦው ስክሪኑን አየ። እዚያ ያለው ፊደል ሳይሆን ክሩ እንደተበጠሰ ዶቃ ነው፤ አንድ ሁለት ፊደል እየተደጋገመ ወዲህና ወዲያ ተበትኗል። ፕሮግራሙ የተለካ እጅ እንጂ ያረጀ እጅ አያነብም።

«እሱ ከሆነ ታዲያ የታል የሚለው?» አለ ሽቦው። «እኔን ለማስደሰት አትዋሺ።»

«እኔ ልመልስለት» አለችና ልጅቱ የአባቷን የጣቢያ መጠሪያ በኮምፒውተሩ ጻፈች። ሳጥኑ ወስዶ ላከው። ጥርት ያለ፣ እኩል፣ አንዱ ከአንዱ በክር የተለካ።

መርከበኛው ዝም አለ።

ደግማ ላከች። ዝም።

«ምን ሆነ? ደርሶታል እኮ» አለች ልጅቱ።

እናትየው ግን ገብቷታል፣ ሲገባትም ፊቷ ጋለ። የሚቀበልም የሚልክም ይሁን ያለችው ራሷ ናት። «ይሄ የማን እጅ ነው?» አለች። «የአባትሽን መጠሪያ ይዞ የሌላ ሰው እጅ ሲመጣበት ምን ይበል? ከዓምና ወዲህ የጠፋ ሰው ነው፤ የሞተ ሰው ስም የሰረቁ ነው የሚመስለው። ንቀይው መላኪያውን!»

«እማዬ፣ ቀስ…»

«ንቀይው ብያለሁ!»

መላኪያው ተነቀለ፣ የናሷ መምቻ በቦታዋ ገባች። ሽቦው መምቻዋን አየ፣ ሚስቱን አየ።

«ብመታስ? የሚመልሰውን በምን ላየው ነው?» አለ። ይህን ጊዜ ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር፣ ከደነቆረ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። «ተዪኝ አሁንስ። ነገ ሠራተኛው ይምጣ።»

ልጅቱ ግን ኮምፒውተሩን እየነካካች፣ «ቆዩ፣ አንድ ተራ ነገር አለ» አለች። «አይጽፍም። ድምፁን በመስመር ነው የሚያሳየው። ለመሞከሪያ ብዬ የጫንኩት ነው።»

ፊደሉ ጠፋ። ጥቁር ስክሪን መጣ፣ መርከበኛውም እንደገና መጥራት ጀመረ። በጥቁሩ ላይ ብሩህ ጭረቶች ከዳር እስከ ዳር እንደ ጉንዳን ሰልፍ መጓዝ ያዙ። አጭር፣ ረጅም፣ አጭር፣ አጭር። እሷ ምንም አልታያት።

ሽቦው ወንበሩን ሳበ። አፍንጫው ስክሪኑን ሊነካ ደረሰ። ጣቱን አንስቶ ጭረቶቹን ይከተላቸው ጀመር።

«ይሄ… ይቺን እያት… ጎተታት! አያችሁት? መጨረሻዋን ሲጎትታት!» ጉልበቱን መታ። «እጁ ተንቀጥቅጧል ምስኪን። ግን እሱ ነው! መጠሪያዬን ነው የሚለው!»

ከዚያ ማንም ሳይለምነው እጁን መምቻዋ ላይ ጣለ። መጀመሪያ ዛገበት፤ ሳተ፣ ቆመ፣ ደገመ። ከዚያ ፈጠን፣ ቆም፣ ፈጠን። ልብስ ሰፊዋ ያንን ስትሰማ የያዘችው ሸሚዝ ከጭኗ ተንሸራቶ ወደቀ፣ አላነሳችውም።

ከወዲያ በኩል ጭረቶቹ ጎረፉ። ሽቦው አንድ በአንድ እየለቀመ ጮክ ብሎ አነበበ።

«‹ቅድም… በስምህ… የመታው… ማን ነው?… ሌባ… መሰለኝ።›»

«ሌባዋ እኔ ነኝ በለው» አለች ልጅቱ፤ እናትና ልጅ ሳቃቸው አመለጣቸው። ሽቦው የሳቃቸውን ምክንያት ባይሰማም አብሮ ሳቀ። ይሄኛው ሳቅ መራራ አልነበረም።

ጆሮው እንደሄደ ነገረው። መርከበኛው ይህን ሲሰማ ምቱን ቀስ አደረገ፣ ለልጅ ፊደል እንደሚያስቆጥር ሰው፤ ጭረቶቹም ተራራቁ፣ ሽቦውም ሳይደናበር ያነብ ጀመር።

«‹ሚስቴ… ሙት ትጠራለህ… ትለኛለች… በየቅዳሜው… እጠራሃለሁ።›» ወደ ልጅቱ ዞሮም፣ «ለጣሪያ ሠራተኛው ደውዪና እግሩን እንዳያነሳ ንገሪው» አላት፣ ነገሩን እንደ ተራ ነገር አድርጎ።

መርከበኛው ማውራቱን ቀጠለ። ቤቱ በድሮው ድምፅ ተሞላ። ያን ድምፅ ግን ከእነሱ ሁሉ ይበልጥ የሚያፈቅረው ሰው አይሰማውም፤ ይህን ስታስብ እንደ መርፌ ወጋት።

ሽቦውም የልቧን ያወቀ ይመስል፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል ጠየቃት። «አንቺ፣ ድምፁስ? ያው ነው?»

ጠመኔውን አነሳች። ገበሩ ላይ አንድ ፊደል ጀመረች፣ ተወችው። ድምፅ እንዴት ይጻፋል? ጠመኔውን አስቀምጣ ከኋላው ቆመች፣ መዳፏን ትከሻው ላይ አሳረፈች፣ መርከበኛው ሲመታ እሷም እየተከተለች በጣቷ ትመታለት ጀመር። ስትሰማ አጭር፣ ስትሰማ ረጅም፣ መጨረሻዋን እየጎተተች።

ሽቦው መጀመሪያ ትከሻው ደነገጠ። ከዚያ ራሱን ዝቅ አደረገ። ዓይኑን ጨፈነ።

ስክሪኑ ላይ ጭረቶቹ ሳይነበቡ ማለፍ ያዙ።

«እማዬ፣ እያየ አይደለም እኮ!» አለች ልጅቱ። «የሚለው ሁሉ እያመለጠው ነው።»

«ተዪው» አለች እሷ፣ ጣቷን ሳታቆም። «መርከበኛው መድገም አይሰለቸውም።»