ቅቤ የቀመሰ ቺንጋ

እቴነሽ ነገረኛ ናት ይሉኛል፤ ይበሉ። ነገረኛ ባልሆን ኖሮ ያን ዓመት ገበሬ ማኅበራችን የማይረባውን ማሽን ተሸክሞ መጥቶ፣ እኛም ከበን ስናጨበጭብለት ክረምት ይገባብን ነበር።

በደርግ ጊዜ ነው። ጉና ሥር የነበረው የባሕር ዛፍ ደን ለስልክ እንጨት ተቆርጦ አለቀና ቦታው ለማኅበራችን ተደለደለ። ባሌ በሞተ በዓመቱ ለእኔና ለሁለቱ ሴቶች ልጆቼ ከወንዙ ዳር ያለው ደረሰን። መሬት ተብሎ ነው እንጂ ጉቶ ነው የሰጡን! የባሕር ዛፍ ጉቶ ደግሞ ተቆረጥኩ ብሎ አርፎ አይቀመጥም፤ ያቆጠቁጣል። ማረሻ ከነካው ማረሻው ይሰበራል። ወንድ ያለበት ቤት በመጥረቢያና በዶማ ይታገለዋል፤ እኔ ማንን ላሰልፍ? ደቦ እንዳልጠራ ለጠላ የሚሆን ጌሾ እንኳ ቤቴ አልነበረም። ሁሉም የየራሱ ጉቶ አለበት፣ ማን ለማን ይደርሳል?

የማኅበሩ ሊቀመንበር ደሳለኝ ስብሰባ ላይ ቆመና፣ "እስከ ሆሳዕና መሬቱን ያልገመሰ ሰው መሬቱ ተነጥቆ መሬት ለሌለው ይሰጣል፤ የበላይ ትእዛዝ ነው" አለ። ማረስም አይደለም፣ የመጀመሪያውን እርሻ ገመስ ማድረግ ብቻ። እኔ ግን እሱንም በምን አቅሜ? ደግሞ "መሬት ለሌለው" ሲል ዓይኑ በላይነህ ላይ አረፈ። በላይነህ አዲስ ጎጆ ወጪ ነው። ሚስቱ ውዴ እርጉዝ ናት፤ የሚኖሩት በአባቱ ጓሮ ተጠግተው ነው። ጥሩ ጥሩ ሁለት በሬዎች አሉት፣ የሚጠምድበት መሬት ግን የለውም። ከዚያ ቀን ወዲህ ልጁን ባየሁት ቁጥር ደሜ ይፈላል። ሰላምታውን የምመልሰው በግማሽ አፌ ነበር።

በዚያው ሰሞን ደብረ ታቦር ደን ጽሕፈት ቤት ሁለት ማሽኖች ከውጭ መጡ፣ ለየማኅበሩ በተራ ይዋሳሉ ተባለ። ከሁለቱ አንዱን ምረጡ ስላሉን ሄድን። ማሩ የሚባል የማሽን ሠራተኛ ግቢው ውስጥ አንድ በአንድ እያስነሳ አሳየን። የመጀመሪያው ቅርንጫፍ ከስካሽ ነው። ማሩ አንድ ትልቅ ቅርንጫፍ ከነቅጠሉ አጎረሰው። ማሽኑ ግቢውን በጩኸት አናውጦ እንጨቱን ፍርፋሪ አድርጎ ተፋው። ወንዶቹ አፋቸውን ከፈቱ። ደሳለኝማ ባርኔጣውን አውልቆ፣ "ጓዶች፣ ዕድገት ማለት ይሄ ነው! ይሄንን ነው የምንወስደው!" አለ።

ሁለተኛው ዝቅ ያለ፣ ጥርስ ያለው መንኮራኩር ከፊቱ የተገጠመለት ነው። ጉቶው ላይ ቀስ እያለ ወዲህ ወዲያ ይመላለሳል፤ ሲመላለስ ጉቶው እንደ ዱቄት እየተፈጨ ከአፈር በታች ይወርዳል። ለሱ ማንም አላጨበጨበም።

"ጓድ ሊቀመንበር፣" አልኩ፣ "ቅርንጫፍ ማገዶ አይደለም እንዴ? ማገዶዬን አስከስክሼ በምን ላበስል ነው? ደግሞስ እኛን የገደለን ከመሬት በላይ ያለው ነው ከመሬት በታች ያለው?"

ወንዶቹ ሳቁ። ማሩም ሳቀና፣ "እውነታቸውን ነው፤ እናንተ ዘንድ ያለው ሥራ የጉቶ መፍጫው ነው" አለ። ደሳለኝ ከፋው። "እሺ እንውሰደው። ካልሠራ ግን ተጠያቂዋ እቴነሽ ናት።"

"ልጠየቃ!" አልኩት። አፌ መቼ አስችሎት ያውቃል?

ማሩ ማሽኑን በትራክተር ጎትቶ መጣና የባሌን ታናሽ ወንድም አያሌውን አሠለጠነው። ጉቶው ከመፈጨቱ በፊት ዙሪያው ይቆፈር፣ ድንጋይ ካለ ይለቀም፤ ድንጋይ ጥርሱን ይሰብረዋልና። ጠዋት ጠዋት ጥርሱ በሞረድ ይሳል፣ ቡሎኑ ይጥበቅ፣ ብረት ከብረት የሚፋተግበት ቦታ ግራሶ ይቀባ። ይህን ሁሉ አስረድቶ፣ "አርብ ማታ መጥቼ እወስደዋለሁ" ብሎ ወደ ይፋግ ሄደ።

ዕጣ ሲወጣ መጨረሻው የእኔ ሆነ። እንዲያው ዕድሌ! ግን እሰይ ነው፣ ማሽኑ ሠራ። የጎረቤታችንን የሙላቴን ማሳ ጨረሰ፣ የሌሎቹንም ተራ በተራ አጸዳ። አያሌው ከበሬው በላይ ነበር የሚንከባከበው፤ ማታ ማታ ዝናብ እንዳይነካው የገዛ ጋቢውን ያለብሰዋል። ሚስቱ ፈንታነሽ፣ "ከኔ ጋ ማደር ትተህ ከሱ ጋ እደር" ብላ ታላግጥበት ነበር።

አርብ ጠዋት የእኔ ተራ ደረሰ። ነገ ቅዳሜ ነው፣ በሬ አይጠመድም፤ ከነገ ወዲያ ሆሳዕና ነው። ያለችኝ ያቺ ቀን ብቻ ናት። አያሌው ሞተሩን አስነሳው፤ ጮኸ። መንኮራኩሩ ዞረ፤ ጉቶውን ሲነካ ግን ቀጥ አለ። ሞተሩ ይጮኻል፣ መንኮራኩሩ ቆሟል። ደግሞ ሞከረ፤ ያው ነው። የመጀመሪያው ጉቶ ላይ ጭረት እንኳ አልወጣም። አያሌው ላብ በላብ ሆነ። እኔም ጉቶው ላይ ቁጭ አልኩ። ደሳለኝ የተናገረው ትዝ አለኝ፤ መሬቴም ሄደ፣ መሳቂያም ሆንኩ አልኩ በሆዴ።

ቀና ስል በላይነህ ሁለቱን በሬዎቹን እየነዳ ድንበሩ ላይ ቆሟል። ሞፈርና ቀንበሩንም ተሸክሟል።

"ምነው ቸኮልክ?" አልኩት። "እስኪ ሬሳዬ ይውጣ! ፀሐይዋ እስክትጠልቅ እንኳ አትታገስም?"

በላይነህ ጎጆ ሳይወጣ በፊት በወረታ መንገድ የጭነት መኪና ረዳት ነበር። ቀንበሩን አስቀምጦ ወደ ማሽኑ ሄደና ከሞተሩ ወደ መንኮራኩሩ የሚዞረውን ቀበቶ መሳይ ቺንጋ በጣቱ ነካ አደረገው። ጣቱን አሸተተ። ፊቱ ተለዋወጠ።

"ጋሽ አያሌው፣ ይህን ቺንጋ ምን ቀባችሁት?"

"ግራሶው አልቆ ነው" አለ አያሌው። "ጠፍር ሲደርቅ በቅቤ ይታሽ የለ? እንዳይበጠስ ብዬ፣ ትናንት ማታ ጥግብ አድርጌ አሸሁት።"

"የማንን ቅቤ?" አልኩ እኔ።

አያሌው መሬት መሬት አየ። ከዚያ በላይ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ጾሙን ሙሉ ለፋሲካ ጠብ ጠብ እያደረግሁ ያጠራቀምኳት የቅል ቅቤ! "አንተ የእናትህ ልጅ! ልጆቼ ያልቀመሱትን ለብረት አበላህ?" ብዬ ተነሣሁበት። ዱላ ብፈልግ ከጉቶ በቀር አጠገቤ ምንም የለም።

በላይነህ መሐላችን ገባ። "እትዬ፣ የቅቤውን ነገር ኋላ ይደርሱበታል። ይህ ቆዳ አይደለም፣ ጎማ ነው። መንኮራኩሩን የሚያዞረው ጭምድድ አድርጎ ይዞ ነው፤ ቅቤ ከነካው ይንሸራተታል። ማሽኑ ምንም አልሆነም።"

ትክ ብዬ አየሁት። ይህ ልጅ አፉን ዘግቶ እስከ ማታ ቢቆም መሬቱ የሱ ነበር። ለምን ነገረን? ልጠይቀው ብልም ጊዜ የለም። አያሌው "በቤንዚን እንጠበው" ሲል በላይነህ "ቤንዚን ጎማውን ይበላዋል" አለ።

"ወግዱልኝ!" አልኩ። "ቅቤ የነካው ነጠላ በምን ነው የሚለቀው? እናንተ ልጆች፣ እንዶድ ውቀጡ!"

ልጆቼ ሮጡ። ቺንጋው ወልቆ በእንዶድ አረፋ ታሸ፣ ተለቀለቀ፣ ደግሞ ታሸ። ቺንጋው የሚዞርባቸውን ብረቶችም በጨርቅ ፈተግናቸው። ከዚያ ፀሐይ ላይ አሰጣነው። ቺንጋ ሲደርቅ ቁጭ ብሎ መጠበቅን ያህል መከራ የለም! ፀሐይዋ አናታችን ላይ ስትደርስ በላይነህ ገጠመው፤ በአውራ ጣቱ ጫን ጫን እያደረገ አጠበቀው። አያሌው ሞተሩን አስነሳ። መንኮራኩሩ ጉቶውን ነከሰው፤ የእንጨቱ ብናኝ ፊቴ ላይ ተረጨ። እልል አልኩ! በጾም እልል አይባልም ያለ ካለ ይምጣና ይክሰሰኝ።

ግን ግማሹ ቀን ሄዷል። አያሌው ይፈጫል፣ እኔና ልጆቼ ከፊት ከፊቱ እየቆፈርን ድንጋይ እንለቅማለን። ወገቤ ተቆረጠ። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ከወንዙ ማዶ የማሩ ትራክተር ድምፅ ተሰማ። ደሳለኝም ሊያይ መጣ። ያልተነኩ ጉቶዎች ከታች በኩል ቀርተዋል፤ አንድ ፈር እንኳ የተገመሰ አልመሰለኝም። ደሳለኝን ለመለመን ዞር ስል ምን አየሁ? ከላይ፣ ጉቶው ባለቀበት በኩል፣ በላይነህ በሬዎቹን ጠምዶ እያረሰ ነው!

ዶማዬን እንደያዝኩ ሮጥኩ። "አንት ሌባ! ገና አልመሸም! ሰው ዓይኑ እያየ ይዘረፋል?"

ደሳለኝ ከኋላዬ ደረሰ። "በላይነህ፣ የማንን መሬት ነው የምትገምሰው? ልብ በል፣ ይህ ካመለጠህ ለአንተ የሚሆን መሬት መቼ እንደሚገኝ አላውቅም።"

በላይነህ እርፉን አልለቀቀም። "የእትዬ እቴነሽን ነው፤ ለሳቸው ነው የምገምሰው። ጠዋት በሬዎቹን ይዤ የመጣሁትም ለዚሁ ነበር። ውዴ ናት የላከችኝ። 'ከሁለት ሴት ልጆች አፍ የተነጠቀ እህል በልተህ ልጅህን እንዳታቅፍ' ብላኛለች።"

ዶማው ከእጄ ወደቀ። ጠዋት የሰደብኩት ስድብ ሁሉ ትዝ አለኝ። ማሩ ከትራክተሩ ወርዶ ሁላችንንም ተራ በተራ ካየን በኋላ፣ ነገሩ ገብቶት ይሁን ሳይገባው እንጃ፣ "እስኪጨርስ እጠብቃለሁ" ብሎ ቁጭ አለ። ደሳለኝ ጉሮሮውን ጠረገ። "እንግዲህ ከተገመሰ ተገመሰ ነው" አለ፤ ድምፁ ግን እንደ ስብሰባው አልነበረም።

በላይነህ በሬዎቹን መልሶ ነዳ። እግዜር ይስጥልኝ ልለው ነበር፣ ማርያምን! በሬ የለኝ፣ መሬት የለው፤ ይህ ነገር እስከዛሬ እንዴት አልታየኝም? አፌን ስከፍት ግን የወጣው ሌላ ነው።

"ቀጥ አድርገህ ግመሰው እንጂ አንተ!" አልኩት። "የእኩል ነው የምናርሰው፤ እኩሌታው ያንተ ነው!"

በሬዎቹን አቆማቸው። እጁን ዓይኑ ላይ አደረገ። ልጆቼም ቆመው ያዩኛል።

"ምን ትገተራላችሁ?" አልኳቸው እንባዬን በእጅጌዬ እየጠረግሁ። "አንዳችሁ ሩጡና ውዴን ጥሩልኝ፣ ገብሱን የት እንደምንዘራ ትንገረን።"