የእትዬ አስቴር ጀርመንኛ

...ኬርጸ አንድ ሻማ፣ ኬርጸን ሲበዙ፣ ረጋ በይ ከይሪያ፣ ታውቂዋለሽ፣ እትዬ አስቴር በየእሑዱ አንድ ስትጨምር አብረሽ ቆጥረሽ የለ፣ መጀመሪያ እሑድ አንድ፣ ቀጥሎ ሁለት፣ የፈረንጆቹ ገና ሲደርስ አራት፣ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርዳ፣ ቀስ በይ ልጄ፣ ከንፈርሽን አሞጥሙጪ እያለች። የጀርመን ሚስዮን ያሳደጋት ጎረቤታችን ናት። እኔ የሙስሊም ልጅ፣ የገናን ቃላት ከነብዙ ቁጥራቸው ሸምድጄ፣ እናቴም ስቃ፣ ቋንቋ አይደል፣ ሂጂ ተማሪ።

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ነገሳ በእስክሪብቶው ጠረጴዛውን ይመታል። ለቀበሌያችን የደረሰው የትምህርት ዕድል አንድ ነው፣ ምሥራቅ ጀርመን፣ ነርስነት፣ ደጅ ሌላ ልጅ ተራዋን ትጠብቃለች። ከላይፕዚግ የመጣችው ፈታኝ ሥዕል ታሳየኛለች፣ ኮከብ፣ ሽቴርን እላለሁ፣ ሲበዙስ፣ ሽቴርነ፣ ፊቷ ይበራል፣ በተሰባበረ አማርኛ ለነገሳ፣ ይቺ ከመጽሐፍ አይደለም፣ ከሰው አፍ ነው፣ ጥሩ አስተማሪ አላት።

እስክሪብቶው ይቆማል።

ማነው ያስተማረሽ፣ ድምፁ ለስላሳ፣ ልስላሴው ነው የሚያስፈራኝ፣ ጴንጤ ሁላ የኢምፔሪያሊዝም ተላላኪ ነው ብሎ የእነእትዬ አስቴርን ጸሎት ቤት ያሸገው እሱ ነው፣ ወንድሟን ከቀበና ወስደውት ወህኒ ቤት ስንቅ ብታመላልስም የሚቀበላት የለም። ማንም ጓድ፣ ከመጽሐፍ ነው። ከየት ያገኘሽው። መርካቶ፣ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ። ከመጽሐፍ እንዲህ አይጠራም ትላለች ፈረንጇ፣ ዝም በይ በናትሽ፣ በደግነትሽ ሰው ልታስፈጂ ነው።

ከመጽሐፍ ከሆነ እስቲ እንስማ፣ ይላል ነገሳ። ሥዕሉ ይገለጣል፣ ዛፎች፣ ቦይመ፣ ቦይመ፣ አፌን ሞልቶታል፣ ነጩ ጋዎን፣ አውሮፕላኑ፣ ሾፌሩ አባቴ ለጓደኞቹ ልጄ ጀርመን ናት ሲል፣ ትያለሽ ወይስ፣ ይላል ነገሳ፣ ፊደሉን ብቻ በይው፣ እንደ እንግሊዝኛ አጣሚው፣ ያ አላህ።

ባውሜ፣ እላለሁ።

ሻማዎቹስ፣ ከርዜን። ኮከቦቹን ድገሚያቸው፣ ስተርኔ። ፈረንጇ ግራ ገብቷት፣ አሁን እኮ በትክክል ብለሽው ነበር፣ አጋጣሚ ነው፣ እላታለሁ፣ ዓይኗን ማየት አልችልም፣ ነገሳ ይስቃል፣ ስሜ ላይ መስመር ያሰምርበታል፣ በቃ ሂጂ፣ ያቺኛዋን ጥሪያት።

ወደ ሰፈራችን ፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገቱን እወጣለሁ፣ ተናድጃለሁ፣ በማን እንደሆነ እንጃ፣ እናቴ ታለቅሳለች፣ እትዬ አስቴርስ፣ ስንት እሑድ ደክማ፣ በር ላይ ቆማ እንዴት ሆነ ትለኛለች፣ ወደቅሁ እላታለሁ፣ ምክንያቱን አልነግራትም፣ ሰነፍ ትበለኝ፣ ድካሜን ገደል ከተትሽው ትበለኝ፣ ብቻ ቤቷ ተቀምጣ ትበለኝ