ሳይበሳ የታየው የባሮ ሉል

ይህ ታሪክ ቅንጣት ውሸት የለበትም። ከተገኘበት ባሮ ሽቅብ ወደ ጎሬ ይፍሰስ! ያየ ሰው ሞልቷል፤ የተጠራጠረ ሄዶ ይጠይቅ።

ጋምቤላ ገና «ክልል አሥራ ሁለት» በምትባልበት፣ አራት የቢሮ ኃላፊ ለአንድ ወንበር ተራ በሚጠብቅበት ዘመን፣ ዓሣ አጥማጁ ኦቻንግ አኬሎን ወደዳት። ወደዳት ሲባል እንዲያው መውደድ አይደለም፤ ስሟን ሲጠራ ዓሣው በገዛ ፈቃዱ መረብ ውስጥ ይገባ ነበር። ችግሩ ጥሎሹ ነው። አኙዋዎች ለጥሎሽ የሚሰጡት ዲሙይ፣ ያ ከአያት ቅድመ አያት የወረደ ሰማያዊ ዶቃ፣ ገበያ ወጥቶ አይሸመትም። ኦቻንግ የሰበሰበው ደግሞ የክሩን ግማሽ እንኳ አልሞላለትም።

አንድ ቀን ታዲያ ከባሮ ዛጎል አወጣ። ዛጎሉ ታንኳ ያክላል! ሲከፍተው ውስጡ ሉል፤ የጅግራ እንቁላል የሚያህል፣ ነጭ፣ ድብልብል ያለ ሉል። ለጎደለው ዲሙይ ምትክ ይሁነኝ ብሎ እየበረረ ወደ አኬሎ አባት ወደ አጁሉ ወሰደው። ሽማግሌው በጣታቸው አገላበጡት።

«ቀዳዳ የለውም» አሉ። «ክር ላይ ያልገባ ጥሎሽ አይባልም። ሽቦ አግዬ እበሳዋለሁ። ከጸና እውነተኛ ነው።»

«ከፈነዳስ፣ አባባ?»

«ከፈነዳማ ልጄ ቤቷ፣ አንተም ወንዝህ።»

ኦቻንግ ሽቦው ሳይግል ልድረስ ብሎ ሉሉን አፈፍ አድርጎ ወደ ጤና ጣቢያው ሮጠ፤ እግሩ መሬት አልነካም። የላቦራቶሪው ሠራተኛ አሸብር ማይክሮስኮፑን ሲወለውል አገኘው።

«ዶክተር፣ ሳይበሳ ሆዱን እይልኝ!»

«አንተ ልጅ፣ ዶክተር አይደለሁም አላልኩህም? ደግሞስ የማንን ሆድ?»

«የሉሉን!»

አሸብር ከት ብሎ ሳቀ። ሉሉን ሲያይ ግን ሳቁ ቆመ። «እኛ አገር እንቁላል የሚገዛ ሰው ለፀሐይ አንስቶ ነው የሚያየው» አለ። «ጫጩት ካለው ጥላው ያስታውቃል። ና እስቲ፣ መጋረጃውን ዝጋ።»

የማይክሮስኮፑን መብራት በካርቶን ሸፈነና በመርፌ ሽንቁር አበጀለት፤ ሉሉን ሽንቁሩ ላይ አስቀመጠው። በዚህ መሀል አጁሉ ሽቦአቸውን እንደያዙ እያለከለኩ ደረሱ። መብራቱ በራ።

ወዮ! ሉሉ ከውስጥ እንደ ጎሕ ቀላ። ብርሃኑ በመጋረጃው ሾልኮ ወጣና ከባሮ ማዶ ዶሮዎች ነጋ ብለው ጮኹ፤ ጉማሬዎች ፀሐይ ሊሞቁ ወደ ዳር ወጡ።

«እንደ ሽንኩርት ነው፣ ልጣጭ በልጣጭ ላይ» አለ አሸብር። «ክፍተት የለውም። ግን እዚህ ጋ ፀጉር የመሰለች ጥላ ትታይዎታለች፣ አባባ? ስንጥቅ ናት። ሽቦ ከነካት ዱቄት ይሆናል።»

አጁሉ ጎንበስ ብለው አዩ። ሽቦውን ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡት። «እሺ፣ እውነተኛ ነው። ክር ላይ እንዴት ሊገባ ነው ታዲያ?»

ኦቻንግ በእጁ መለሰ። ከኪሱ የመረብ ክር አውጥቶ እዚያው እንደ ቆመ መረብ ቋጠረ፤ ትንኝ ዝቅ ብላ የማታልፍበት፣ ለአንድ ሉል ብቻ የሚሆን መረብ። ሉሉን ከተተበትና በአንገቱ ካጠለቀው የዲሙዩ ክር ላይ አንጠለጠለው። ሽማግሌው ወዘወዙት፤ ጎተቱት፤ ቋጠሮውን በጥፍራቸው ሞከሩት።

«ይሁን» አሉ።

በሠርጉ ከአቦቦ እስከ ማታር ያለው ሕዝብ ጨፈረ፤ በጭፈራው የተነሣው አቧራ ሳምንት ሙሉ ፀሐይን ጋረዳት።

ይህ ሁሉ ተጽፎ ሲነበብላት አኬሎ የዓሣ ቅርፊት እየፋቀች ነበር። ቢላዋዋን አላቆመችም።

«የጤና ጣቢያው መብራት ያን ጊዜ አይሠራም ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ሉልም አልነበረም። የተቀቀለ ዓሣ ዓይን ነው፤ ሲደርቅ እንዲያ ይሆናል። አባቴ ገና እጁ ላይ ሲያርፍ ነው ያወቀው። መረቡን ግን አየና፣ ‹እንዲህ የሚቋጥር ልጄን አያስርባትም› ብሎ እሺ አለ።»