እጅ ወደ ኋላ

ችሎት አስከባሪ ነኝ። ጠዋት ጠዋት ዳኛው ከመግባታቸው በፊት በሩ ላይ ቆሜ ባለጉዳዩን ሥርዓት አስተምራለሁ። «ዳኛው ሲገቡ ተነሱ። ‹ክቡር ፍርድ ቤት› በሉ። ኮፍያ አውልቁ፣ ማስቲካ ትፉ፣ እጃችሁን ከኪስ አውጡ። ስልኩ የጮኸበት ሰው ስልኩን ይሰናበት።» የሚሰማኝ የለም። ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት ዳኛውን «አንተ ልጄ፣ ምነው ከሳህ?» አሏቸው። ዳኛው ጉንጫቸውን ዳሰስ አድርገው መዝገቡን ለሌላ ቀን ቀጠሩት።

የዛሬው አናጺ ግን ሌላ ነበር። የመጣው ለሚስቱ ወንድም ሊመሰክር ነው። አማቹ በቀን መጋዘን ሰብሮ ገብቷል ተብሎ ተከሷል። ያን ዕለት ከጠዋት እስከ ማታ አናጺው ቤት ወንበር ሲልግ መዋሉን የሚያውቀው ደግሞ አናጺው ብቻ ነው። እሱ ካልታመነ አማቹ አለቀለት።

«አደራ፣ ቀስ ብለህ ተናገር» አለችው ሚስቱ። «ወንድሜ ያለው አንተን ነው።»

ዳኛው በኮሪደሩ ሲያልፉ ሌላው ሰው አንገቱን ያሰግጋል። አናጺው ግን ወደ ግድግዳው ዞረ፤ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ግንባሩን ከግድግዳው አንድ ስንዝር አርቆ ቆመ። ይህን እኔ አላስተማርኩም። የሚያስተምሩበትን ቦታ ግን አውቀዋለሁ፤ እዚህ ከመቀጠሬ በፊት ዘጠኝ ዓመት የወህኒ ቤት ጠባቂ ነበርኩ። ዳኛውም ቆም ብለው ጀርባውን አዩና ገቡ።

ምሎ መሰከረ። እጁ ወደ ኋላ፣ ዓይኑ መሬት ላይ። «አዎ ክቡር ፍርድ ቤት። አይደለም ክቡር ፍርድ ቤት።» ዐቃቤ ሕጉ ለወጉ ያህል «ታስረው ያውቃሉ?» አሉት።

«በሕይወቴ አንድም ቀን፣ ክቡር ፍርድ ቤት።»

ሚስቱ ሁለተኛው አግዳሚ ላይ ሆና ፈገግ አለች። በትዳር በኖሩበት አሥራ አንድ ዓመት የምታውቀው ይህንኑ ነው።

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። «ሥርዓትዎ ደስ ይላል። እንዲህ የሚቆም ሰው ካየሁ ቆይቻለሁ። የት ተማሩት?»

«አባቴ ቁጡ ነበር፣ ክቡር ፍርድ ቤት።»

ሰው ሳቀ። ዳኛውም ሳቁ፤ ሲስቁ አልወድላቸውም። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ፣ ይህን ሰው ታውቀዋለህ?»

«አላውቀውም ክቡር ፍርድ ቤት።» እውነቴን ነው። ስንቱን አስታውሼ እችላለሁ?

«አቋሙንስ?»

የተጣመሩትን እጆቹን አየሁ።

«እዚያ በድሮ ሥራህ፣ ጠዋት ጠዋት እንዴት ነበር የምትቆጥሯቸው?» አሉ፣ ስለ ዝናብ እንደሚጠይቅ ሰው። «እስቲ አሰማን።»

ተከሳሹን አየሁት፤ ጥፍሩን ይበላል። ዳኛ ካዘዘ ግን አዟል። ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«ቁጥር!»

«ሁለት መቶ አሥራ ሰባት፣ አቤት!»

የአናጺው ድምፅ ግድግዳውን መትቶ ተመለሰ። ተረከዙ ሳይቀር ገጥሟል። ከዚያ በኋላ ነው እጁ ወደ አፉ የሄደው፤ ከመሐላው ወዲህ ከኋላው ሲላቀቅ ገና ያኔ አየሁት።

ጸሐፊዋ ጣቶቿን ከመጻፊያው ላይ አነሳች።

«ይመዝገብ» አሏት ዳኛው።

ሚስትየዋ ሳይፈቀድላት ከአግዳሚው ተነሳች። ወንድሟን አላየችውም፤ የምታየው ባሏን ነበር።

«ይቀመጡ እህቴ» አልኳት። «ችሎቱ ገና አልተነሳም።»