በስድስት ሰዓት የተረጨ ማሾ

ራህመት ማሾዋን ቀትር ላይ የረጨችው እኔ ስላልኳት ነው። ቀትር በሸዋሮቢት ምን እንደሆነ የማያውቅ የለም። አህያ እንኳ ጥላ ፈልጎ ይቆማል።

ራህመት ጎረቤቴ ናት። ባሏ ካረፈ ወዲህ የምትተዳደረው ከሮቢ ወንዝ ማዶ ባለችው ቁራጭ መሬት ነው። ዘንድሮ ማሾ ዘራችባት። ማሾው አብቦ ፍሬ ሊይዝ ሲል ትል ገባበትና ወደ እኔ መጣች። በሰፈራችን ስለ ተክል የሚጠየቀው እኔ ነኝ።

እንዴት የሚጠየቅ ሰው እንደሆንኩ ልናገር። ልጄ ረድዋን ስልክ ሲሰጠኝ፣ ስለ ዛፍ፣ ስለ አረም፣ ስለ ንብና ስለ ወፍ የሚጽፉ ሰዎች ያሉበትን ገጽ አወጣልኝ። ጽሑፉ የፈረንጅ ነው፤ አንድ ቦታ ሲነኩት ግን ወደ አማርኛ ይዞራል። አማርኛው ይንገዳገዳል። ቢሆንም አራተኛ ክፍል ለደረሰ ሰው አያቅትም። ማለዳ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ማንም ሳያየኝ አነባለሁ። ከሰዓት በኋላ፣ ከአስር ሶላት መልስ፣ ከሰፈሩ ሰዎች ጋር ቁርቁራው ዛፍ ሥር ስንቀመጥ ያነበብኩትን እናገራለሁ። ከየት እንዳመጣሁት አልናገርም። አንድ ቀን የቁርቁራ ሥር ውኃ ፍለጋ ምን ያህል ጠልቆ እንደሚሄድ ስናገር፣ ማሳው ከራህመት ማሳ ጋር የሚዋሰነው ሙዐዊያ፣ “ጋሼ ሷሊሕ፣ ከዛፉ ጋር ነው እንዴ ያደጉት?” አለ። ሰው ሳቀ። እኔ ዝም አልኩ። ዝምታዬን ትሕትና አድርገው ወሰዱት።

ራህመትንም “ነገ እነግርሻለሁ” ብዬ ሸኘኋት። በማግስቱ ማለዳ ገጹን ከፈትኩ። የኒም ዛፍ ፍሬ ወቅጦ በውኃ ማሳደር፣ ማጥለል፣ ጥቂት ሳሙና መጨመር ይላል። ቀጥሎ “ከ6 ሰዓት በኋላ ብቻ ይርጩ” ይላል። እዚያ ላይ ዓይኔ ደከመና ዘጋሁት።

ስድስት ሰዓት ብላት ከየት እንዳገኘሁት ትጠይቀኛለች ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ እንዲህ አልኳት፦

“ዙሁር ሰግደሽ ስትወጪ ርጪው።”

“በዚያ ፀሐይ?”

“በዚያ ፀሐይ።”

“ጋሼ፣ አባቴ በቀትር ውኃ እንኳ አታጠጡ ይል ነበር።”

እኔም ዕድሜዬን ሙሉ የማውቀው እሱኑ ነው። ነገር ግን ስልኩን መጠራጠር አልፈለግኩም፤ አላውቅም ማለትም አልፈለግኩም።

“ትሉ ሙቀቱን ሲሸሽ ከተደበቀበት ይወጣል። የሚገኘው ያን ጊዜ ነው” አልኳት።

ይህን የትም አላነበብኩም። አፌ ላይ መጣልኝ።

ራህመት ትንሽ አሰበች። “ወላሂ እውነትዎን ነው። ሙቀት ሲበዛ ሲላወስ እኔም አይቻለሁ” አለች።

ማሾው ተቃጠለ። ቅጠሉ መጀመሪያ ዳር ዳሩ ቡና መሰለ፤ ከዚያ ተጠቀለለ። አበባው ረገፈ። ላየው ስሄድ ከአበባው ጋር ንቦችም ወድቀው ነበር። ማንም ሳያየኝ በእግሬ አፈር አለበስኳቸው።

የዚያን ዕለት ቁርቁራው ሥር ወሬው ይኸው ነበር። ራህመት በመንገድ ስታልፍ ሙዐዊያ ጠራትና ምን እንዳገኛት ጠየቃት።

“ሳሙና አብዝቼ ነው” አለች። “ጋሼማ በደንብ ነው የነገሩኝ።”

“ማሾውን እንደ ልብስ አጠብሽዋ!” አለ ሙዐዊያ። ሰው ሳቀባት። “የእኔም ማሾ ትል ገብቶበታል፤ እኔ ግን አቅጥኜ ነው የምረጨው። ፍሬውን ዘፍዝፌዋለሁ፤ ነገ ዙሁር ላይ ነው፣ ትሉ ወጣ ሲል። አይደል ጋሼ?”

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ራህመትም ዞረች።

“አላህ ካለ” አልኩ።

ቤቴ ገብቼ ገጹን እንደገና ከፈትኩ። ያላነበብኩት መስመር እዚያው ከሥሩ ነበር፦ “ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ንቦች ወደ ቀፎ ሲገቡ።” የስልኩ ሰዓት ከላይ ተጽፏል። አምስት ይላል፤ በእኛ አሥራ አንድ ሰዓት ነበር። ስልክ የሚቆጥረው በፈረንጅ እንደሆነ አውቃለሁ። በየቀኑ ስድስት እየደመርኩ ነው የማነበው። ገጹ ላይ ግን ፊደሉ የእኛ ስለሆነ ሰዓቱም የእኛ መሰለኝ። ያሉት የእኛን አሥራ ሁለት ሰዓት፣ መግሪብ ግድም ነው።

ሙዐዊያን እንዴት እንደማስቆመው አሰብኩ። ነፋስ ሊነሳ ይችላል፣ ተወው ብዬ ብነግረው ይተዋል። ስሜም አይነካም። ይህን አስቤ ደስ አለኝ፤ ደስ እንዳለኝ ሳውቅ ደግሞ ከተቀመጥኩበት ተነሳሁ።

ጠዋት መጀመሪያ ወደ ራህመት ማሳ ሄድኩ። የተቃጠለውን ከተረፈው እየለየች ትነቅላለች። ስለ ስልኩም ስለ ሰዓቱም ነገርኳት። እየሰማችኝ እጇ አላረፈም።

“ያ ሁሉ የዛፍ ወሬ ከስልክ ነበር?”

“አብዛኛው።”

“እኛ ደግሞ ከአባቶችዎ የወረሱት መስሎን።” አንድ እግር ማሾ ነቅላ ከክምሩ ላይ ጣለች። “ይሁን። ሰዓት ነው፤ ሰው ይሳሳታል። ትሉ ሙቀት ሸሽቶ ይወጣል ያሉኝስ? እሱንም ስልኩ ነው ያለው?”

ይህን ትጠይቀኛለች ብዬ አልጠበቅኩም።

“አይ። እሱ የእኔ ነው።”

እጇ ያን ጊዜ ቆመ።

“እኔ እኮ አይቻለሁ ብዬ መሰከርኩልዎት” አለች። “ወላሂ ብዬ። ያላየሁትን።”

አፉ በዪኝ፣ ይቅር በዪኝ ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም።

“ለሙዐዊያ እኔ አልነግርልዎትም” አለችና ወደ ነቀላዋ ተመለሰች። “ከራስዎ አፍ ይስማ።”

ለዙሁር መስጊድ ስደርስ ሙዐዊያ መርጫውን ሞልቶ ከአጥሩ ጥግ አስቀምጦታል። ሰዎቹ ታጥበው፣ ውዱእ አድርገው አዛን ይጠብቃሉ።

“መጡ ጋሼ፣ ትሉን ጠርተው ሊያወጡልን” አለ።

ቆሜ ነገርኳቸው። ሰዓቱን ነገርኩ። ትሉን የፈጠርኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ራህመት ሳሙና እንዳላበዛች ነገርኩ። ስናገር ሙዐዊያን ማየት አቅቶኝ መርጫውን ነበር የማየው።

“ቆይ፣ የቁርቁራው ሥርስ?” አለ ሙዐዊያ።

“ከስልክ ነው።”

“እሱ እውነት ነው ወይስ እንደ ትሉ ነው?”

አንዱ ሳቀ፤ ሌሎቹ አልሳቁም። ሙዐዊያ መልሴን አልጠበቀም። መርጫውን አንስቶ ወደ ጥላው አስገባውና ክዳኑ ላይ ድንጋይ ጫነበት። “እንግዲህ ለመግሪብ ነው” አለ፤ ለእኔ ግን አልነበረም የተናገረው።

አዛን ተባለ። ሌላ ቀን ለሶላት ስንሰለፍ ከፊተኛው ሰፍ ቦታ ይለቁልኝ ነበር። የዚያን ቀንም አንድ ሰው ዘወር አለልኝ። እኔ ግን ከኋላ፣ ጫማ ከሚወልቅበት አጠገብ ቆምኩ።