ሎሚ በአራስ ቤት

ሳፋርጉል ከሰል ወደ ምድጃው ጨምራ ቀና ስትል አንድ ቅጠል ትከሻዋ ላይ ወደቀ። ቢጫ ነው። ትናንት የጠረገችው ወለል ዛሬም በቅጠል ተሸፍኗል። መጥረጊያውን አነሳችና መልሳ ጣለችው። ጉልበቷ ካለቀ ሰንብቷል።

የሎሚ ዛፎቹ የቆሙት ከሰው ቁመት በላይ በተቆፈረ ረጅም ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ ጣሪያው ከመሬት እኩል የተዘረጋ መስታወት ነው። በቫክሽ ሸለቆ ሎሚ እንዲህ ካልተቀበረ ከውርጩ አያመልጥም። ዘንድሮ ብርዱ ሲጠና አማቷ ሆልቢቢ፣ ለልጅ ልጆቻቸው ሠርግ ሲሰፉ የኖሩትን የጥጥ ብርድ ልብስ ሁሉ ከሳጥን አውጥተው መስታወቱ ላይ አነጠፉት።

"ቺላው እስኪወጣ ማንም እንዳይገልጠው!" አሉ።

ቺላ የብርዱ ክፉ አርባ ቀን ነው። አራስ ሴት ከልጇ ጋር ቤት የምትዘጋበት አርባ ቀንም ቺላ ይባላል። ለሆልቢቢ ሁለቱ አንድ ናቸው፤ ሎሚዎቹ አራስ ናቸው፣ መሞቅ እንጂ መታየት የለባቸውም። እሳቱን የማንደዱ ሥራ ደግሞ የምራት ነው። ሳፋርጉል በዚህ ቺላ እንቅልፍ የሚባል ነገር ረስታለች።

ስልኳ ጠራ። ባሏ ዳቭሮን ነው፣ ከሩሲያ፣ ከግንባታ ቦታ።

"እንዴት ናቸው?" አላት ሰላም ሳይላት።

"እኔ ደህና ነኝ።"

ሳቀ። "እሺ፣ አንቺስ እንዴት ነሽ? ሎሚዎቹስ?"

"ቅጠላቸው እየረገፈ ነው።"

"ብርድ ገብቷቸው ነዋ! እሳት ጨምሪ።"

"ከዚህ በላይ ከጨመርኩ የምቀቀለው እኔ ነኝ።"

"ሳፋርጉል፣ አደራሽን። እነሱ ከተረፉ ጸደይ ላይ መጥቼ እዚያው እቀራለሁ። ከሞቱ ግን ምን ይዤ ነው የምቀረው? ተመልሼ እዚሁ ነኝ።"

ስልኩን ስትዘጋ አልቅሺ አልቅሺ አላት። ለማልቀስም ደከማት።

አመዱን በባልዲ ይዛ ወደ ጉድጓዱ መጨረሻ ሄደች። ምድጃው እዚያ ድረስ አያሞቅም፤ ግድግዳው እጅ ያደነዝዛል። የመጨረሻው ዛፍ ሞቶ እንደሚጠብቃት እርግጠኛ ነበረች። ዛፉ ግን አረንጓዴ ነው። ቅጠሉን በጣቷ አሸችው፣ ወፍራምና ጤነኛ ነው። ቀና ብላ ስታይ ብርድ ልብሱ አጥሮ መስታወቱን እስከ ጫፍ አልሸፈነውም። በክፍተቱ ሰማይ ይታያል፣ ቅርንጫፎቹም ወደዚያው አዘንብለዋል።

ወደ ምድጃው ተመለሰች። ከሁሉም ይልቅ የተራቆተው ምድጃውን የሚሞቀው ዛፍ ነው።

ባልዲውን አስቀመጠች። ብርሃን፣ ሙቀት፣ ውሃ፣ አየር እያለች ተክል የሚያስፈልገውን ትምህርት ቤት ሸምድዳው ነበር፤ ፈተናው ሲያልፍ እሱም አለፈ። አሁን መጣላት። ተክል ምግቡን የሚሠራው በብርሃን ነው። ጨለማ ውስጥ ሲሞቀው ግን ሥራ ፈትቶ ያጠራቀመውን ይበላል፣ በሞቀው ቁጥርም ቶሎ ይጨርሳል። ያን ሁሉ እንቅልፍ ያጣችው ለካ ስታስርባቸው ነው። ተናደደች፤ በማን እንደሆነ ግን አላወቀችም።

ሆልቢቢን ግቢው ውስጥ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘቻቸው።

"እማማ፣ ብርድ ልብሱን ቀን ቀን እናንሳው። የሚገድላቸው ጨለማው ነው።"

"ምን? በቺላ? አብደሻል?"

"ብርድ ላይ ያለው የመጨረሻው ዛፍ እኮ ነው ደህና የሆነው። ብርሃን ስላገኘ ነው። ይምጡና ይዩት።"

"እኔ ያየሁት ይበቃኛል። ሟቹ ባሌ ፀሐይ ወጣ ብሎ ገለጠና ሻይ ቤት ሄደ። ወሬ ይዞት ሳያለብሳቸው መሸ። በነጋታው ሁሉም ጠቁረው አገኘናቸው።"

"ማታ አላለበሳቸውማ! እኔ አለብሳቸዋለሁ።"

"አንቺ? ቆመሽ የምታንቀላፊው?"

እውነታቸውን ነው። ከዚያ ልጇ ትዝ አላት።

"ሱህሮብ ሲወለድ ዓይኑ ሳይቀር ቢጫ አልሆነም?"

"ሆነ። ምን አመጣው አሁን?"

"ቺላችን ሳይወጣ መጋረጃውን የከፈተው ማን ነው? ጎረቤት ሁሉ እየጮኸብዎት ልጁን መስኮት ሥር ፀሐይ ላይ አስተኝተው ያዳኑት እርስዎ አይደሉም?"

"እሱ ልጅ ነው።"

"እነዚህንም አራስ ናቸው ያሉት እርስዎ ነዎት።"

"ምላስሽ ግን አልደከመውም!" አሉ ሆልቢቢ፣ ፊታቸውንም አዞሩ።

ሳፋርጉል ሄዳ የመጀመሪያውን ብርድ ልብስ ጫፍ ያዘች። በውርጭ ደርቆ ከብዷል። ጎተተችው፤ ብርድ ልብሱ ግን አልተነቃነቀም። ደግማ ስትጎትት ከኋላዋ የከዘራ ድምፅ ሰማች።

"ቀስ! ትቀጂዋለሽ። የሠርግ ነው እኮ" አሉ ሆልቢቢ፣ ሌላውን ጫፍ እየያዙ። "መሬት እንዳይነካ።"

አንድ በአንድ አነሱት። ፀሐዩ በመስታወቱ አልፎ በተራቆቱት ቅርንጫፎች ላይ ወረደ። ሆልቢቢ አጎንብሰው ወደ ታች ለረጅም ጊዜ አዩ።

"እንዲህ ከስተዋል?" አሉ ቀስ ብለው።

ከዚያም የታጠፉት ብርድ ልብሶች ላይ ተቀመጡ። "በይ ሂጂ ተኚ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እቀሰቅስሻለሁ፣ አብረን እናለብሳቸዋለን።"

"ቢያንቀላፉስ?"

"እኔ እንደ ባሌ አይደለሁም።"

ስልኩ እንደገና ጠራ። ዳቭሮን ነው። ሳፋርጉል ስሙን አየችና ስልኩን አማቷ ጭን ላይ አስቀምጣ ወደ ቤት አመራች። በሩን ስትገፋ የሆልቢቢ ድምፅ ከኋላዋ ተሰማ።

"ሎሚዎቹ ከቺላ ወጡ። አሁን ቺላ የገባችው ሚስትህ ናት፤ እስክትነቃ እንዳትደውል።"